ለለቅሶው የሚቆም ፈረስ

«ይኸ ከአውስትራሊያ የመጣ የሥዕል መጽሐፍ ነው፣ እማማ። ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም» አለ ኃላፊው ክንዴ።

«ለነገ ለቅሶ አውሰኝ አልኩህ እንጂ መቼ ስጠኝ አልኩህ? ልጄን ፈረሱን ሸጬ እዚህ አስተማርኩት፤ ኮንጎ ዘምቶ ቀረ። በራሱ ፈረስ ፋንታ የጎረቤት ፈረስ ጭኜ ባቆምለት ለቀስተኛው አይስቅብኝም?»

ሸጋ ጣቷን ከሥዕሉ አላነሳችም። ልጇ ተማሪ ሳለ «የሸጥነውን ዳማ ፈረሳችንን ፈረንጅ አገር አገኘሁት» ብሎ እየሳቀ ያሳያት ፈረስ ነው።

«ሕግ ነው። ለማንም አይፈቀድም።»

ይኸኔ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ገቡ። «ማታ እንግዶች አሉብኝ፤ ይኸን ላሳያቸው» ብለው መጽሐፉን ከጣቷ ሥር ሳብ አድርገው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ክንዴ ፈጥኖ በሩን ከፈተላቸው። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ስለ እንግዶቹ ሲጨዋወቱ፣ ሸጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በመካከላቸው አልፋ ወጣች።