ከበሩ ጀርባ ያለው ልክ

አናጢው አባቷ በየልደቷ ቁመቷን እየለካ የወጥ ቤቱ በር ላይ በእርሳስ ያሰምራል። ዘንድሮም «አንድ ሜትር ከስልሳ» ብሎ ጻፈና፣ «በይ ልጄ፣ አሥራ ሰባት ሞላሽ፤ የአውሬዋን ምግብ ዛሬ አንቺ አስገቢላት» አላት።

ልጅቱ ጮቤ ረገጠች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዕቃ ቤቱ የቁልፍ ቀዳዳ ሽቦ እየከተተች አውሬዋን ስትወጋ፣ በጩኸቷም ስትንከተከት ነው ያደገችው።

ዕቃ ቤቱ ገብታ ሳህኑን አስቀምጣ ቀና ስትል ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባም የአባቷን መስመሮች አየች። ቀኖቹ የራሷ ልደቶች ናቸው። ቁመቱ በየዓመቱ ከእሷ በጣት ያንሳል፤ የዛሬው ግን «አንድ ሜትር ከስልሳ አንድ» ይላል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ዘንድሮ እህትሽ በለጠችሽ» አለና አውሬዋን ደግፎ አስወጣት።

በሩ በልጅቱ ላይ ተቆለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሽቦው በቀዳዳው ብቅ አለ።