የአሮጌዋ ፒካፕ መብራት

ሽታውን ያዋረደው ባድሩ ነው፤ አምና ጥቅምት ላይ፣ ሐይቅ መናኸሪያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አያ ሽታው፣ ይችን አሮጌ ፒካፕ ማታ አስፋልት ዳር ስታቆም ፓርኪንግ መብራቷን አብራ እንጂ! ዕውር ነህ እንዴ?»

ሽታው እልህ ያዘውና ከዚያ ወዲያ ሆን ብሎ አላበራም። በወሩ ባድሩ በሞተር ሳይክሉ ሲመጣ፣ ጨለማ ውስጥ ከቆመችው ፒካፕ ጋር ተላትሞ ሞተ።

ሽታው ባትሪዋን ነቅሎ አልጋው ሥር ከተተ፤ መኪናዋም ከግቢው አልወጣችም።

ትናንት ሲመሽ ግን ፓርኪንግ መብራቷ በርቶ አገኘው። ቤት ገብቶ አልጋው ሥር አየ፤ ባትሪው እዚያው አለ። ሲወጣ ከመሪው በኩል የባድሩ ድምፅ ጠራው።

«አያ ሽታው፣ ወላሂ ቀላል ነው፤ ይኸው አበራሁት። አሁንስ አየኸኝ?»

ሽታው የግቢውን በር ገፍቶ ወጣ።