የተንቀራፈፈው ኮምፒውተር

የቤቱ ኮምፒውተር ከፋሲካ ወዲህ ድንገት ኤሊ ሆነ። አንድ ፋይል እስኪከፍት ድረስ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል።

«ወንድምሽ ነው በፊልም ያጨናነቀው!» እያለ ባል ሚስቱ ላይ ጮኸ። «ደሞ እናቴ ለፋሲካ በእጇ ሠርታ ለኮምፒውተሩ ያመጣችለትን የዳንቴል ልብስ፣ ባየው ቁጥር ገፎ ይጥላል። እኛን ንቆ እኮ ነው!»

በዚያው ንዴቱ ታናሽ ወንድሟን ከነሻንጣው ከቤት አስወጣው። 

በማግስቱ የመጣው ቴክኒሻን ዳንቴሉ ውስጥ እጁን ሰድዶ የኮምፒውተሩን ሳጥን ሲዳስሰው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

«እሳት ሆኗል እኮ! የሚንቀራፈፈው ስለጋለ ነው። ይሄ ጨርቅ አየር መውጫውን ደፍኖታል። እዚህ ቤት ይሄን የሚያነሳ ሰው ጠፋ?»

ባልየው አቀረቀረ።

«ነበረን» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል። «ትናንት ተባረረ።»