ሁለቴ ማንኳኳት

ሰውየው ቁልፉን ከአእምሮ ሕክምና ነርሷ እጅ ተቀብሎ ወደ አዲሱ ክፍሉ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ቀርታ አሰበች፦ አስቸኮልኩት ይሆን? ዛሬ ክፍሉን እምቢ ካለ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሱም ይኖርበት ወደነበረው ድልድይ ሥር ይመለሳል።

ድልድዩ ሥር ሌላው ሰው በጫማው እየነካ ሲቀሰቅሰው፣ እሷ ግን መድኃኒቱን ይዛ በመጣች ቁጥር የሚተኛበትን ካርቶን ጫፍ ሁለቴ ታንኳኳ ነበር። አሁንም በሩን ሁለቴ አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ከውስጥ፣ ሳቁን እየታገለ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ!»

«የትኛዋ እኔ?»

«ነርሷ ነኛ!»

ቁልፉ ተከፈተና ወዲያው ተመልሶ ተቆለፈ።

«ውይ ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ! አልጋዬ ሳይነጠፍ እንዴት እንግዳ አስገባለሁ?»