ልጅ የነጠቀችው መምህር

ልብስ ሰፊዋ ልጇን የልጆች ቴአትር ክበብ ያስገባቻት አፏ እንዲፈታ ነበር። ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ በቀር ለማንም ቃል አይወጣትም። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ዝም ብላ ማየት ነው ሥራዋ። ጎረቤት «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ያጽናናል። እናት ግን «ዝንቡም ይግባ፣ ልጄ ብቻ ትናገር» አለች።

ክበቡን የምታስተምረው ጡረታ የወጣች ተዋናይት ናት። ወር ሳይሞላ ልጅቷ አፍ አወጣች። ያወጣችው አፍ ግን «መምህሬ እንዲህ አለች፣ መምህሬ እንዲያ አለች» ብቻ ሆነ።

«ትርኢቱ ላይ ምን ሆነሽ ነው የምትሠሪው?» አለች ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

«አይነገርም! መምህሬ ‹በጣም የምትወጃትን ሴት ምረጪ፤ እስክትሆኛት ድረስ አጥኚያት› ብላኛለች።»

«እሺ፣ ማንን መረጥሽ?»

ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች።

ማንን እንደሆነማ ማን ያጣዋል! መምህሯን ነዋ! ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ስትገባ እህህ ብላ ተነሳች። «ቀጥ በይ፤ ሆድሽን ደግሞ አትደብቂኝ» ብላ ለካቻት፣ ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ሸኘቻት። ያን ቀን ምንም ነገር አልጣማትም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ይታያት ጀመር። ልጅቷ ከራት ስትነሳ ወገቧን ትይዛለች።

«ምን ሆንሽ? አሮጊት ነሽ እንዴ?»

«እየተለማመድኩ ነው፣ እማዬ።» ይህንንም ያለችው በአፏ ጥግ ነው።

ወገብ የሚያማት ያቺ ጡረተኛ ናት፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ። አፍ ማጣመሙም መቼም የመድረክ ሰዎች ቅብጠት ነው። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ስታስተኛም ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገቻት። በማግስቱ እናት በአዳራሹ መስኮት አጮልቃ አየች፤ መምህሯ የአንዱን ልጅ ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች። ይኸው!

ያን ሳምንት ልብስ ሰፊዋ የምትለካበት ያረጀ ሜትር ደግሞ ጠፋ። ሲከፋ እንዲህ ነው።

«አምጬ ወልጄ፣ ጡት አጥብቼ፣ ሌላዋ በሁለት ወር ትውሰድብኝ?» አለቻት ጎረቤቷን ፀጉር ሠሪዋን። «ትርኢቱ ይለፍ እንጂ ክበብ የሚባል ነገር የለም!»

«ኧረ ልጅቷ ገና መናገሯ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ድሮም ለእኔ ትናገር ነበር። ይበቃኛል።»

በትርኢቱ ቀን አዳራሹ በሰፈሩ ሰው ተሞላ፤ ግማሹ እሷ የሰፋችውን ለብሷል። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ ቶሎ ለመውጣት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መምህሯ ከመድረኩ ጎን ቆማለች።

መጋረጃው ተከፈተ። ልጅቷ አንገቷ ላይ የሆነ ነገር አንጠልጥላ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ግን መድረኩን አላየችም፤ ያቺ ሴትዮ ስትኩራራ ለማየት ዓይኗን መምህሯ ላይ ተክላለች።

«እህህ! ቀጥ በይ!» አለ ከመድረኩ አዳራሹን የሞላ ድምፅ። «ሆድሽን ደግሞ አትደብቂኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ቁርጥ እሷን!» አለ አንዱ። መምህሯም፣ ፀጉር ሠሪዋም፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደ ኋላ ዞረ። ልብስ ሰፊዋም ማንን ነው የሚያዩት ብላ ዞረች።

ከኋላዋ ግድግዳ ብቻ ነበር።