ቀዩ መስመር

አዲሷ ኢንጂነር ሥራ በጀመረችበት ዕለት መጀመሪያ ያስመጣችው ቀይ ቀለም ነው። በሳይቱ ጓሮ ሁለት ጥግ በቆርቆሮ አስከለለች፤ አንዱን ለአናጺዎች፣ አንዱን ለግንበኞች። በሁለቱም ቆርቆሮ ላይ በወገብ ልክ ቀይ መስመር አሰመረች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ትርፍራፊውን በየጥጉ ይጥላል» አለች ሠራተኛውን ሰብስባ። «ለሥራ የሚሆነውን እየለያችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙበት። በወሩ መጨረሻ ክምሩ ቀዩን መስመር ያለፈበት አለቃ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ድርጅቱ ደህና ጣውላና ብሎኬት እየገዛ ቆሻሻ ማስጫን ሰልችቶታል።»

የአናጺዎቹ አለቃ መስመሩን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። አይፈረድበትም። በዚያው ሳምንት አንድ የአርማታ ማቀፊያ ኮንክሪት እየተሞላበት ፈነዳና እንጨቱ እንዳለ ተሰባበረ። ክምሩ በአንድ ቀን ሽቅብ ወጥቶ ለመስመሩ ስንዝር ቀረው። ወሩ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ገባት። ሦስተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗን የምትጠብቅ ሴት ናት። ሥራው ከሄደ የተከራዩት ቤትም አብሮ እንደሚሄድ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

«ወንድሜን ላናግረው?» አለችው።

«እኔ ከሞትኩ በኋላ አናግሪው።»



ወንድሟ የግንበኞቹ አለቃ ነው። ረጅምና ዝምተኛ ስለሆነ ሠራተኛው «ቱምቢ» ይለዋል፤ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥታ ለማየት በክር አንጠልጥሎ በሚያወርደው ብረት ስም ማለት ነው። እህቱ ልታገባ ስትል «ይሄ ሰውዬ ቁጡ ነው፣ ይቅርብሽ» ብሏት ነበር። ነገሩ ዞሮ ዞሮ አናጺው ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። አንድ ሳይት ውለው ሰላምታቸው በአገጭ ነው።

አናጺው ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጋዙ ላይ ንፉግ ሆነ። ከተሰበረው ሞራሌ ላይ ሚስማር እየነቀለ፣ ክንድ የምታህለዋ እንኳ ሳትቀር ከክምሩ ጎን ያጋድማታል። ጠዋት ግን ሲመጣ ትናንት መርጦ ያጋደማቸው የሉም። በምትካቸው አዲስ ጣውላ መቁረጥ ግድ ሆነ። አዲስ መቁረጥ ማለት ደግሞ አዲስ ቁርጥራጭ ማለት ነው። ደሙ ፈላ።

በማግስቱ ሰው ሳይገባ መጥቶ ከአሸዋው ቁልል ጀርባ ቆመ። ብዙም አልጠበቀም። ቱምቢ በትከሻው እንጨት ተሸክሞ ከአናጺዎቹ ጥግ ወጣ።

«ግንበኛ እንጨት ምን ያደርግለታል?» አለ አናጺው ፊቱ ላይ ድቅን ብሎ።

ቱምቢ ደነገጠ። የተሸከመውን አውርዶ አገላብጦ አየው። «ይሄ ለሥራ የሚሆን ነው እንዴ?»

«አላውቅም ልትለኝ ነው?»

«ለእኔ እንጨት እንጨት ነው።»

«ለማገዶ እየሸጥከው እንዳይሆን። ወይስ እኔ ተባርሬ እህትህ ልጆቿን ይዛ አንተ ቤት እንድትገባ ነው?»

ቱምቢ እንጨቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ሌላ ምን ያደርጋል፣ አለ አናጺው በልቡ።

የሚሆኑትን እንጨቶች ያን ቀን ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈባቸው። ስርቆቱ ቆመ። የሚገርመው ክምሩም ከዚያ ወዲያ ከፍ አላለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጠዋት ጎደል ያለ ይመስል ነበር። አናጺው ይህን የራሱ ቁጠባ ውጤት አድርጎ ቆጠረው።

«መጋዝ እንዲህ ነው የሚያዘው» እያለ ሰዎቹ ላይ ጉራውን ነፋ።

ወሩ አለቀና ኢንጂነሯ ወደ ጓሮ መጣች። የአናጺዎቹ ክምር ከመስመሩ በታች ነው። አናጺው እፎይ አለ። የግንበኞቹን ስታይ ግን ቆመች። የተሰባበረው ብሎኬት ከመስመሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል።

«ለሁለት ጣት ብዬ ሰው አላባርርም» አለች። «በሚቀጥለው ወር ታካክሱታላችሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። አናጺው ግን ወደፊት ወጣ።

«ሕጉ ለሁሉም ነው ብለውን ነበር፣ ኢንጂነር። የእኔ ቢያልፍ ኖሮ ይምሩኝ ነበር? ይሄ ሰው ደግሞ እንጨቴን ሲሰርቅ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እሱ ካልወጣ ሰዎቼን ይዤ እኔ እወጣለሁ።»

ኢንጂነሯ ወደ ቱምቢ ዞረች። «እውነት ነው? እንጨቱን ወስደሃል?»

ቱምቢ አናጺውን አየ። ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«ወስጃለሁ» አለ። 

«እንግዲያው ዕቃህን ያዝ።»

የግንበኛ ማንኪያውንና ገመዱን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ሲያልፍ አናጺው አጠገብ ቆም አለ። «እህቴን በርቺ በልልኝ። ስትወልድ መጥቼ አያታለሁ።»

«ደጄን እንዳትረግጥ።»

ቱምቢ በትልቁ በር ወጥቶ ሄደ። አናጺው አንጀቱ ራሰ። ወሩን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ለሚስቱ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት እያሰበ ቆሞ ሲያይ፣ ቆሻሻውን የሚያነሳው ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ እየተነዳ ገባና ጫኞቹ ከግንበኞቹ ጥግ ጀመሩ። አንዱ ላይ ላዩን በአካፋ ጥቂት ገፈፈና ቀና አለ።

«ኢንጂነር፣ የግንበኞች ነው ያሉን ይሄን ነው? ላዩ ብቻ ነው ብሎኬት፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ የአናጺ ቁርጥራጭ ነው።»