የማይክሮፎን ሙከራ

«ማይክሮፎኑን ልሞክረው፣ የፈለግከውን በል» እላለሁ ቁልፉን ተጭኜ። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው እንግዳ ድምፄን በማዳመጫው ሲሰማ ብድግ ሊል ይቃጣዋል። አንበጣ ነው። መድረክ ላይ አንድ ቦታ መቆም ስለማይችል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በየአልበሙ ላይ በትልቁ ይታተማል።

እንግዳ ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ ቁርስ ምን እንደበላ ነው የሚያወራው። እሱ ግን ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ይጀምራል፦

«ኪሳችን ባዶ ነው፣ አፋችን ግን ሙሉ፣
ዝም በሉ ያሉን ዛሬ ይስሙን ሁሉ...»

ያቆማል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የፕሮግራሙ አቅራቢ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ቀጥል እንጂ ወንድሜ፣ ደስ ይላል» ይለዋል።

«ከዚህ በኋላ የእኔ አይደለም» ይላል አንበጣ።

የእኔ ነው። እሱ ይጀምራል፣ እኔ እቀበላለሁ፤ እንደዚያ ነበር ራፕ የምንሠራው። «አንበጣና እሜቴ» ነበር ስማችን፤ ሳቃችንም ጠባችንም ለሰፈር ይተርፍ ነበር። ከዚያ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ መጣና የምፈልገው አንድ ድምፅ ብቻ ነው አለ። እኔ እዚህ ሬዲዮ ጣቢያ ገባሁ፤ የሌላውን ሰው ድምፅ አስተካክላለሁ። ደህና ሥራ ነው፣ አላማርርም። ግን መድረኩ ይናፍቀኛል። እሱም ይናፍቀኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ከኩባንያው አብራው የመጣችው የማስታወቂያ ኃላፊ ገና ስትገባ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «የድሮ ነገር እንዳታነሱ። ብቻውን ነው የጀመረው፤ አልበሙም የሚሸጠው በዚህ ታሪክ ነው» ብላ አስጠንቅቃናለች። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። አሁን ስልኳን ይዛ ኮሪደር ላይ ትንጎራደዳለች።

ቁልፉን እጫናለሁ። በዚህ ቁልፍ የምናገረውን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

«በሩን ብትዘጉት በመስኮት ገባሁ...»

ቀጣዩ ስንኝ ጥፍት ይልብኛል። የገዛ ግጥሜ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩት! አፌን እንደከፈትኩ እቀራለሁ። አንበጣ በመስታወቱ ያየኛል። አይስቅብኝም። ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ ይነግረኛል፦ ስሜን ባትጠሩት ራሴ ጠራሁ።

እኔ የረሳሁትን እሱ ይዞልኛል። ዛሬ እውነቱን ይናገራል፣ ዛሬስ ስሜን ይጠራዋል ብዬ ወንበሬ ላይ እንደ ልጅ እቁነጠነጣለሁ።

ኃላፊዋ ተመልሳ ከኋላዬ ትቆማለች። ቀዩ መብራት ይበራል፤ አየር ላይ ነን።

«እስቲ ለአድማጮቻችን» ይላል አቅራቢው፣ «ሂፕ ሆፕን እንዴት ጀመርከው?»

አንበጣ ወደ መስታወቱ ይዞራል። መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ከኋላዬ የቆመችውን። አንገቱን ይደፋና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ምንም አይሰማም።

«ይቅርታ፣ ድምፅህ አልደረሰንም» ይላል አቅራቢው፣ ለእኔም በእጁ ምልክት እየሰጠ። ሥራዬ ነውና ጣቴን ሰድጄ ድምፁን ከፍ አደርግለታለሁ።

«ብቻዬን» ይላል አንበጣ።

አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል።